ተረኛው ያልወሰደው ጽዋ

ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 24 ቀን 2011 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ወንጌላዊት፣

የሐዋሳ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኛ ዘንድ ውርጩ ዘንድሮ ቀደም ብሎ ገብቷል፤ ጧት ጧት በረንዳ ላይ የምቀመጠው ጋቢ ደርቤ ነው። ከዚህ በቀር ደኅና ነኝ። ጉልበቴም ደረጃ ካልወጣሁ አያስቸግረኝም።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። በስልክ ከመነታረክ በወረቀት ይሻላል ማለትሽ ልክ ነው፤ በስልክ ሁለታችንም እኩል እንናገራለን፣ የሚሰማ አይኖርም። ደብዳቤውን አርሜ ከዚህ ጋር መልሼልሻለሁ። ቅር እንዳይልሽ፤ ስሕተትሽ ጥቂት ነው። አራት ነጥብ መርሳትሽ ግን ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አብሮሽ ያለ ነው።

አንሙት ከማኅበሩ ቴሌግራም የወጣው በእኔ ምክንያት እንደ ሆነ ነግረውሻል። የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፍልሽና ፍርዱን አንቺው ስጪ። ይህን ቡድን የከፈትሽው የሚካኤል ማኅበራችን አባላት በየአገሩ ስለ ተበተንን፣ ወር በወር በአካል መምጣት የማይችለውም ወሬ እንዳይቀርበት ብለሽ ነው። እኔም የማኅበሩ ሙሴ እንደ መሆኔ፣ በጉባኤው የምመራውን ሰው ሁሉ በቴሌግራሙም እከታተላለሁ። በኅዳር ሚካኤል ማግስት አንሙት ከጉንደ ወይን የጥር ሚካኤል ተራ የእርሱ መሆኑን የሚገልጽ መልእክት ጻፈ። በዚያ መልእክት ውስጥ «ማኅበርተኞች» የሚለውን እንኳ በትክክለኛው ፊደል አልጻፈውም። ነጥብ የሚባል የለበትም። እኔም እንደ ወትሮው ከሥሩ አረምሁት። ስድብ የለበትም፤ «ልጅ አንሙት፣ የሚከተሉት ይታረሙ» ብዬ ነው የጀመርሁት። በማግስቱ ስሙ ከዝርዝሩ ጠፋ። የሆነው ይኸው ነው።

ማረሙን ይተዉ ያልሽኝን አልቀበልም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሳስተምር፣ ሰው በግድየለሽነት ሲጽፍ አይቶ ማለፍ ሰውየውን መናቅ መስሎ ነው የሚታየኝ። የማርመው ይችላል ብዬ ስለማምን ነው። የማልጠብቅበትን ሰው አላርምም።

ጽዋው አሁን ያለው እዚሁ ማርቆስ፣ ውበቱ ቤት ነው። ታኅሣሥ 12 ቀን እርሱ ቤት ስንሰበሰብ፣ አንሙት ተረክቦ ወደ ቤቱ ይወስደዋል፤ ጥር ላይ ጉንደ ወይን እንሄዳለን። አንሙት ቀርቶ አያውቅም፤ አሁንም ይመጣል። በአንድ እርማት ማኅበር የሚተው ሰው የለም።

የምትወጂው መምህርሽ
አካለ ወልድ


ሐዋሳ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለማከብርዎት መምህሬ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? «ደረጃ ካልወጣሁ» ያሉት አላሳመነኝም፤ ቤትዎ ያለ ደረጃ የሚገባው በየት በኩል ነው? ለጉልበትዎ የሚሆን ቅባት ወደዚያ ለሚመጣ ሰው ሰጥቻለሁ፤ ማታ ማታ ይቀቡት፤ ትእዛዝ ነው፤ እዚህ ነርሷ እኔ ነኝ።

ስለ ዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሥራ በዝቶብኝ ብቻ አይደለም፤ ይህን ደብዳቤ ደጋግሜ ገልብጬዋለሁ። የመለሱልኝን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ያየች ባልደረባዬ «ምነው፣ ፈተና ወደቅሽ?» አለችኝ። ሳቅኩና አለፍኩ። መልስ ልጽፍልዎ ስቀመጥ ግን አልሄድ አለኝ። የምነግርዎትን ትቼ ስለ ነጥቡ ማሰብ ጀመርኩ። ቀኑን ሙሉ የሕመምተኛ ካርድ ስሞላ የምውል ሰው እንዲህ ከሆንኩ፣ ከአምስተኛ ክፍል ወጥቶ እህል ንግድ የገባው አንሙት ምን ይሁን?

እስቲ ቡድኑን ወደ ላይ እየሳቡ ይዩት። ዐምና በዚህ ጊዜ ጧት ስልኬን ስከፍት ደብረ ኤልያስ ዝናብ ማደሩን፣ የማን ላም መውለዷን፣ ማን ከማን ጋር ለገበያ ማርቆስ እንደ ወጣ አነብ ነበር። አንሙት ሁሉንም በስም እየጠራ ሰላም ይል ነበር፤ እኔን «የሐዋሳዋ ዓሣ፣ ዛሬስ አልተጠበስሽም?» ነበር የሚለኝ። አሁን የምትጽፉት እርስዎ፣ ውበቱና ባንክ የሚሠራው እንዳላማው ናችሁ። የእንዳላማው ጽሑፍ አንድም እንከን የለውም። ምን እንዳለ ላስታውስ ብል ግን አልቻልኩም።

ሌላም ነገር አለ። የሰው ወሬ ስለ ሆነ፣ አትንገሪ ስለ ተባልኩም፣ አልጽፈውም።

ሚካኤል ሳይደርስ ጉንደ ወይን ብቅ ቢሉ ምን ይመስልዎታል? አንሙት ሲቆጣ የሚጮህ ሰው አይደለም፤ የሚቀር ሰው ነው። ካልመጣ ጽዋው ተረካቢ ያጣል።

ይህን ደብዳቤ እባክዎ አይመልሱልኝ።

አክባሪዎ
ወንጌላዊት


ደብረ ማርቆስ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2011 ዓ.ም.

ልጄ ወንጌላዊት፣

ቅባቱ ደርሶኛል፤ እንዳዘዝሽው እቀባለሁ። ሽታው ከባድ ነው፤ ሙቀቱ ግን ደግ ነው። ደብዳቤሽም እኔው ዘንድ ቀርቷል።

ጉንደ ወይን አልሄድሁም። «ያስተማርሁት ልጅ ዘንድ ሄጄ በማስተማሬ ይቅርታ ልጠይቅ?» አልሁና ቀረሁ። የሆነውን ስሚ።

ከትናንት በስቲያ ውበቱ ቤት ተሰበሰብን። ጸሎቱ ደረሰ። ጽዋው ለተረኛው ከመሰጠቱ በፊት «የተቀያየመ አለ?» ብሎ መጠየቅ የሙሴው ሥራ እንደ ሆነ ታውቂያለሽ። የተጣላ ሳይታረቅ ጽዋው ከቤት አይወጣም። ስንቱን የወሰንና የመስኖ ጠብ በዚህ ጥያቄ አስታርቄያለሁ። አባ ገብረ ኪዳን «ሙሴ፣ ይጠይቁ እንጂ» አሉኝ።

«የተቀያየመ አለ?» አልሁ።

«አንሙት የት አለ?» አሉ አባ።

«ቀረ» አለ ውበቱ።

«ታመመ?»

«ኧረ ደኅና ነው።»

«እንግዲያ ከማን ጋር ነው?»

ሁሉም ድፎውን ያያሉ። ሰው ሁሉ ድፎ ላይ ሲያፈጥ ምን ማለት እንደ ሆነ ለመረዳት ሙሴ መሆን አያስፈልግም። «ከእኔ ጋር ነው፣ አባ» አልሁ።

«ታዲያ ጠያቂውም ተጠያቂውም እርስዎ ሊሆኑ ነው?» አሉ። ጥቂት ሰዎች ሳቁ። አባም ፈገግ ብለው ነበር፤ ጽዋውን ግን ለማንም አልሰጡም። ጨርቁን መልሰው አለበሱትና በነበረበት አኖሩት። «ተራ አይዘለልም። ባለቤቱ እስኪመጣ እዚሁ ይቆይ» አሉ። የደብረ ኤልያሶቹ ሲወጡ «የራሳችንን ብንጀምርስ?» ሲባባሉ ሰምቻለሁ። ደግሞም በሹክሹክታ አልነበረም። ይህ ማኅበር ከአባቶቻችን የተቀበልነው ነው፤ በእኔ እጅ ለሁለት ሊከፈል ነው።

በማግስቱ ጧት ያልሽኝን አደረግሁ። በረንዳ ላይ ተቀምጬ ቡድኑን ወደ ላይ ስስብ ዋልሁ። ወረቀት ወስጄ በሁለት ከፈልሁት፤ በግራ ሰው የጻፈውን፣ በቀኝ እኔ የመለስሁትን። የሥራነሽ ልጅ ከክፍሏ አንደኛ ወጣች፤ የእኔ መልስ፦ አራት ነጥብ ይጎድላል። የአበረ በሬ ገደል ገባ፤ የእኔ መልስ፦ ባለቤቱና ግሡ አይስማሙም። እንዲህ እንዲህ እያለ ይወርዳል። የቀኙን ብቻ ለብቻው ብታነቢው ጥሩ መምህር ትያለሽ።

ከዚያ አንሙት ዘንድ ደረስሁ። የላከውን እንዳለ ልገልብጥልሽ፦ «ሰላም ማህበርተኞች እንደምን አላቹ የጥር ሚካኤል ተራው የኔ ነው አመተ ማርያምን ትንሽ አሞአታል ግን ጠላው አይቀርም እህቷ ትጠምቀዋለች ሁላቹም ኑ»።

አመተ ማርያም ሚስቱ ናት። ካረምኋቸው ቃላት አንዱ መታመሟ የተነገረበት ቃል ነው። «አሟታል» ተብሎ ይጻፍ ብዬዋለሁ። እንዴት ናት አላልሁም።

ያልነገርሽኝ ወሬ ምን እንደ ሆነ ንገሪኝ። ከቡድኑ መውጣትም እያሰብሁ ነው፤ እኔ ከወጣሁ የሸሸው ይመለስ ይሆናል።

አካለ ወልድ


ሐዋሳ፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለመምህሬ፣

እንኳን ለጌታችን የልደት በዓል በደኅና ያደርስዎ፤ ይህ ሲደርስዎ በዓሉ ደጅ ላይ ይሆናል።

ከቡድኑ እንዳይወጡ። አንድ ሰው በወጣ ቁጥር ነው እዚህ የደረስነው።

ሥራነሽ ዛሬ በስልክ «እንግዲህ ንገሪያቸው» ብላ ፈቅዳልኛለች። ጥቅምት ላይ ባሏ ጌቱ ቆርቆሮ ሲመታ ከጣሪያ ወድቆ ጭኑ ተሰብሮ ነበር። ማርቆስ ሆስፒታል ተኝቶ ነው የከረመው። ከእርስዎ በር እስከ ሆስፒታሉ አጥር ቁልቁለቱን መውረድ ብቻ ነው። ውበቱም ሩቅ አይደለም። የማርቆስ ማኅበርተኛ ግን አንድ ሰው አልጠየቃቸውም፤ የሚያውቅ አልነበረማ። እሷ ኮሪደር ላይ ነጠላዋን አንጥፋ እያደረች፣ ዳቦ ከመንገድ እየገዛች ነው ያስታመመችው። እኔ የሰማሁት ከወጡ በኋላ ነው።

«ለምን ቡድኑ ላይ አልጻፍሽም?» ብላት ምን አለችኝ መሰልዎ? «ጻፍኩና አጠፋሁት፤ መምህሩ ያዩታል። ባሌ ተሰብሮ ተኝቶ፣ ደግሞ በሰው ፊት ልታረም?»

ይህን የምጽፍልዎ እንዲያዝኑ አይደለም። እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። ቡድኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ሰው አንድ በአንድ ዝም ሲል እያየሁ፣ የሚያርሙት እርስዎ ስለ ሆኑ፣ ምንም አላልኩም።

«የማልጠብቅበትን ሰው አላርምም» ብለውኛል፤ አምናለሁ። እኔን እዚህ ያደረሰኝ የእርስዎ ቀይ እስክሪብቶ ነው። ግን አንድ ነገር ያስታውሱ። ክፍል ውስጥ ደብተራችንን ሲመልሱልን ሁልጊዜ ዘግተው፣ ስም እየጠሩ፣ በየእጃችን ነበር የሚሰጡን። ሌላው መምህር ነጥቡን ጮክ ብሎ ሲያነብ እርስዎ አንድ ቀን አላደረጉትም። አንሙት ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ደብተሩን ከዴስኩ ሥር ገልጦ ሲያይ ትዝ ይለኛል፤ ምን እንዳገኘ ማናችንም አናውቅም ነበር። ቴሌግራሙ ላይ ግን ደብተሩ ተከፍቶ ነው የሚመለሰው።

የአመተ ማርያምን ነገር ከባሏ ቢሰሙት ይሻላል። እኔ አልነግርዎትም።

ወንጌላዊት


ደብረ ማርቆስ፣ ጥር 14 ቀን 2011 ዓ.ም.

ልጄ፣

መልስ በማዘግየቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። መጻፍ ያለብኝ ነገር ገና በመሆን ላይ ስለ ነበር ነው።

ደብተር ስለ መዝጋት የጻፍሽውን ካነበብሁ በኋላ ወረቀትሽን አጥፌ ኪሴ ውስጥ ከተትሁትና በረንዳ ላይ ተቀምጬ ዋልሁ። የቤት ሠራተኛዬ «ጋሼ፣ ማን ሞተ?» እስክትለኝ ድረስ።

የልደት ሰሞን መጀመሪያ የሄድሁት ደብረ ኤልያስ ነው። ሥራነሽ ከበሩ ላይ ስታየኝ እጇን አፏ ላይ አድርጋ «ውይ መምህር፣ ምን አጠፋሁ?» አለች። በሕይወቴ ብዙ ሰላምታ ተቀብያለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አልገጠመኝም። ጌቱ በክራንች ብድግ ሊል ሲታገል ትከሻውን ይዤ አስቀመጥሁት። ስለ ፊደል አንድም ነገር አልተነጋገርንም። የጣሪያውን ነገር፣ የልጃቸውን ትምህርት፣ ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ነገሩኝ። ብዙ ወሬ አላቸው። ያን ሁሉ ጊዜ የት አድርገውት እንደ ነበር እንጃ። ልነሣ ስል ሥራነሽ «አሁን እንግዲህ ብጽፍ…» ብላ ቀረች። «ጻፊ» አልኋት። አላመነችኝም፤ ከፊቷ ዐውቄዋለሁ።

ጉንደ ወይን ብቻዬን ለመሄድ ድፍረት አጣሁ። ሌላውን ሳስታርቅ የኖርሁ ሰው ሽማግሌ ፍለጋ አባ ገብረ ኪዳን ደጅ ቆምሁ። «ሙሴም ሙሴ ያስፈልገዋል» ብለው ጥምጥማቸውን አስተካክለው ተነሡ። አንሙትን ያገኘነው መጋዘኑ ደጅ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ነው። አባን ተሳለመ። ከዚያ እኔን አየና፣

«መምህር፣ ደብተር ሊሰበስቡ መጡ?» አለኝ።

«ልመልስ ነው የመጣሁት» አልሁት።

«ስንት አገኘሁ?»

«የወደቅሁት እኔ ነኝ።»

አልሳቀም። ጆንያ አቀረበልን፤ ተቀመጥን። አባ ሊጀምሩ ሲሉ እርሱ ቀደማቸው። «አባ፣ የፊደሉን ነገር ለምጄዋለሁ፤ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ነው። በእሱ አልቀየምም። አመተ ማርያም አሟታል ብዬ ጽፌ ስልኬን ይዤ ተቀመጥኩ። ጮኸ፤ እሰይ፣ አንድ ሰው እንዴት ናት አለ ብዬ ከፈትኩት። የመምህሩ ነው። አሟታል በትክክል ሲጻፍ እንዲህ ነው ይላል። ስልኩን ከእሷ ደበቅኩ።»

ፅንስ ተጨናግፎባት ነበር፣ ወንጌላዊት። «ትንሽ አሞአታል» ያለው ያንን ነው። አንቺ ይህን እያወቅሽ ያን ያህል መታገሥሽ አሁን ገብቶኛል።

ይቅርታ ጠየቅሁት። ለይቅርታ ብዙ ቃል የለኝም፤ ያለኝን ተናገርሁ። አባ «ይቅር በለው» አሉት። እርሱም «እላለሁ። ግን መልእክቴን በጉባኤው ፊት ያንብቡልኝ። እንደ ጻፍኩት። አንድ ሳይቀንሱ፣ አንድ ሳይጨምሩ» አለ። እሺ አልሁ። አመተ ማርያም ከውስጥ ሰምታ ኖሮ «አንተ ሰውዬ፣ አዛውንት አታስቸግር!» አለችው። ድምጿ ደኅና ነው።

ከትናንት በስቲያ ውበቱ ቤት ተሰበሰብን፤ ምግቡን ሁሉም ከየቤቱ ይዞ መጣ። አንሙት በሩ አጠገብ ተቀመጠ። አባ መልእክቱ ያለበትን ስልክ ሰጡኝ። መነጽሬን አድርጌ ተነሣሁ። አነበብሁ። «ሰላም ማኅበርተኞች፣ እንደምን አላችሁ…» ከአንደበት ሲወጣ የሰው ሰላምታ ነው፤ የሰው ቤት ጥሪ ነው። ያን ሁሉ ቀይ ያፈሰስሁበት ስሕተት በጆሮ የት እንደ ገባ አላገኘሁትም። «ሁላችሁም ኑ» የሚለው ላይ ስደርስ ቀና አልሁና፣ በጊዜው መጠየቅ የነበረብኝን ጠየቅሁ፦ «አንሙት፣ አመተ ማርያም እንዴት ናት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እየተሻላት ነው» አለ።

ከዚያ እንደ ደንቡ «የተቀያየመ አለ?» አልሁ። የሚመልስ ሳይኖር አባ ጽዋውን አንሥተው ለአንሙት ሰጡት። በሁለት እጁ ተቀበለና በጨርቁ አቅፎ ወጣ። እስከ መናኸሪያ ሸኘነው። የደብረ ኤልያሶቹም አብረው ሸኝተዋል።

የየካቲት ሚካኤል ጉንደ ወይን ነን።

አካለ ወልድ


ሐዋሳ፣ የካቲት 25 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለውድ መምህሬ፣

የጉንደ ወይኑን ድግስ ፎቶ አይቻለሁ። አንሙት በግ አቅፎ ሳለ እርስዎ በጉን እንደ ፈተና ወረቀት ትኩር ብለው ያዩታል። አመተ ማርያምንም ከኋላ አየኋት፤ ትስቃለች። ያ ፎቶ ስልኬ ላይ ይኖራል።

ይህን የምጽፈው ግን ስለ ትናንቱ ነው። ከሥራ ወጥቼ ታክሲ ውስጥ ስልኬን ስከፍት ሥራነሽ ጽፋለች። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። «ሰላም ማህበርተኞች እንደምን አላቹ ጌቱ ሀሙስ ማርቆስ ቀጠሮ አለው እግሩ ገና ነው ደረጃ አይችልም ማደሪያ ካለ ንገሩን» ይላል። ከሥሩ ማንም የለም። ሁሉም እንዳዩት ይታያል፤ ማንም አይጽፍም። ማንን እየጠበቁ እንደ ነበር ያውቃሉ። እኔም እየጠበቅኩ ነበር። መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ።

ከዚያ የእርስዎ መጣ።

«ሥራነሽ፣ የእኔ ቤት ደረጃ ስላለው ውበቱ ቤት ታርፋላችሁ፤ አነጋግሬዋለሁ። ምግቡ በእኔ ነው። ሐሙስ መናኸሪያ እጠብቃችኋለሁ።»

ሌላ ምንም የለም። ሁለት ጊዜ ፈለግኩ፤ የለም። ደረጃውን ግን አይተውታል። ከዚያ በኋላ መልእክቱ እንደ ዝናብ ወረደ። አበረ ክራንች የሚቀይር ሰው ዐውቃለሁ አለ። እንዳላማው እንኳ «እመጣለው» ብሎ ጻፈ፤ የባንኩ እንዳላማው! ወደ ቡድኑ የተመለሰው አንሙት ደግሞ «የሐዋሳዋ ዓሣ ምነው ጠፋሽ ቀዝቃዛ ውሀ ገባሽ» አለኝ። ታክሲ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝ።

ይህን ደብዳቤ አልገለበጥኩትም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከምሳ በኋላ፣ በችኮላ ጻፍኩት፤ ስሕተት እንዳለበትም ዐውቃለሁ። ይህን እንደ ድሮው አርመው፣ አጥፈው፣ በፖስታ አሽገው ይመልሱልኝ። ናፍቆኛል።

ኅዳጉን ሰፋ አድርጌ ትቼልዎታለሁ።

ልጅዎ
ወንጌላዊት